«በ12 ይምጡ» ያልናቸው ሰው

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ የሠራሁበት ጤና ጣቢያ ለአዳዲስ ነርሶች ልምድ እንዳካፍል ጠራኝ። ስለ ግፊትና ስለ ስኳር ክትትል የማውቀውን ተናግሬ ልጨርስ ስል አንዷ ልጅ እጇን አወጣች።

«ሲስተር፣ ያ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሠራችሁት የግፊት ጥናት ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም?»

ተሳክቷል ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አልተሳካም ልል ፈለግሁ። ሁለቱም እውነት መሰለኝ፤ ሁለቱም ውሸት መሰለኝ። «የሻይ ሰዓት ደርሷል መሰለኝ» ብዬ ዘለልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያች ልጅ ነው። መልሱን አውቄው አይደለም፤ እየጻፍኩት ይገለጥልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

አስካለ በየነ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት የካ፣ ወደ ተራራው ስትጠጉ ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ነው። ነርስ ሆኜ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዙ እየተብቃቃ ልጆቼን አሳድጎልኛል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

መጀመሪያ የተመደብኩት አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነበር። ሥራ ያስተማሩኝ ሲስተር የሺ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። ግፊት ሲለኩ ያየ ሰው ጸሎት ላይ ያሉ ይመስለዋል። በሽተኛውን መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። እግሩን ካነባበረ «ያውርዱት» ይሉታል። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ አንድ ቃል አይናገሩትም። የማዳመጫውን ጫፍ በመዳፋቸው ጨብጠው ያሞቁታል። ክንዱን በሹራብ ላይ አይለኩም፤ እጅጌ ሰብስበው ክንድ የሚያንቁትንም ይቆጣሉ። ሁለት ጊዜ ይለካሉ፤ የመጀመሪያውን አይጽፉትም።

አንድ ቀን መዝገቤን ገለጥ አድርገው ቆዩና «አስካለ፣ የዚህ ክፍል ሰው ሁሉ ግፊቱ በዜሮ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አሉኝ።

አየሁት። 140፣ 150፣ 160፣ እንደገና 150።

«መርፌዋ ሁለት ሁለት እያለች ነው የምትወርደው» አሉ። «አንቺ አሥር አሥሩን እየዘለልሽ ከሆነ ሰውየውን ሳይሆን ድካምሽን ነው የለካሽው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በሽተኛው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያስቆሙትና «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምንድን ነው የሚውጡት? መቼ ነው የሚመጡት?» ይሉታል። ከአፉ ሳይሰሙ አይለቁትም። ወረፋው ሲረዝም እኛ ወጣቶቹ እንበሳጭ ነበር። «የነገርሽውን ይዞ አይሄድም፤ የገባውን ነው ይዞ የሚሄደው» ይሉን ነበር። ይህችን አባባል በየሥልጠናው ላይ ስደግማት ኖሬያለሁ። መድገምና ማድረግ ለየቅል መሆናቸውን የተማርኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ከሆስፒታሉ ተዛውሬ እንጦጦ ግርጌ ወዳለው ጤና ጣቢያ መጣሁ፤ እስከ ጡረታ አልወጣሁም። አምስት ኃላፊ ተቀያይሮብኛል። አንዱ ግድግዳ ማስቀባት ይወድ ነበር፣ ሌላው ሪፖርት ይወድ ነበር፣ አንዷ ደግሞ ሥራ ትወድ ነበር፤ እሷ አልቆየችም። ያኔ ሥራችን ክትባትና ወሊድ፣ ሳልና ተቅማጥ ነው። ግፊትና ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ይባል ነበር። ከተራራው እንጨት ተሸክማ የወረደችን ሴት ስንለካት ግፊቷ ከማንም ሀብታም በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ወደ ሆስፒታል እንጽፍላታለን። ሆስፒታሉ ሁለት ታክሲና አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አትሄድም።

ዶክተር ሳምሶን የመጣው ለዚህ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ከእሱ ጋር ዶክተር ኢንግሪድ የምትባል ከአውሮፓ የመጣች ተመራማሪ ነበረች። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ የግፊት በሽተኛ ሆስፒታል ሳይሄድ፣ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ በነርስ እጅ፣ ዕድሜ ልኩን መታከም ይችላል ወይ? የሚቻል ከሆነ እንደኛ ላሉ አገሮች ሁሉ መንገድ ይሆናል። የክትትሉ ኃላፊ እኔ እንድሆን ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ አንድ ሰው የምጠላውን ነገር ሊያስተካክል ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው በእኛ ጤና ጣቢያ ብቻ ነበር። ክኒኑ ለብቻው ቁም ሣጥን ተሰጠው። ቀጠሮ የምጽፈው በእጄ ነበር፤ ከቁጥሩ ጎን «ጊዮርጊስ»፣ «አቦ»፣ «ኪዳነ ምሕረት» እያልኩ። ለሙስሊሞቹ የሳምንቱን ቀን እጽፍላቸዋለሁ። በጾም ወቅት ክኒኑን ከቅዳሴ በኋላ እንዲያደርጉት እነግራቸዋለሁ፤ ካልነገርኳቸው ሁለት ወር ሙሉ ይተዉታልና። በሩ ላይም አስቆማቸዋለሁ። ሰው መጣ፤ ግፊቱም ወረደ።

ከእነዚህ አንዱ አቶ ንጉሤ ነበሩ። እንጦጦ ላይ አጣና እየቆረጡ የሚሸጡ፣ ቁመታቸው ራሱ አጣና የመሰለ፣ ክርክር የሚወዱ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጌጤነሽ ጋር በየወሩ በእግር ይወርዳሉ። እሳቸው ሲለኩ ባለቤታቸው አግዳሚው ላይ ጋቢያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሲመጡ ግፊታቸው 186 በ112 ነበር። በስድስተኛው ወር 134 በ82 ሆነ። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ራስ ምታቴን ወሰደው፤ አሁን የሚያመኝ ሚስቴ ስትቆጣኝ ብቻ ነው» አሉኝ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ከውጭ ሆነው ሳቁ።

ከዚያ ማስፋፋት መጣ። ነገሩ እስከ መሪ ሰፈር ድረስ ላሉት ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ይዳረስ ተባለ፤ ጥናቱም ያኔ ነው ትልቅ የሆነው። የእጅ ካርድ ለብዙ ሺህ ሰው አይሆንም፣ አይቆጠርምም። ስለዚህ ታብሌት ተሰጠን። ታብሌቱ ለእያንዳንዱ በሽተኛ በወር አንድ ቀን ይመድባል፤ በስልኩም መልእክት ይልካል። ከቀጠሮው ሰባት ቀን ቀድሞ ወይም ሰባት ቀን ዘግይቶ የመጣ እንደመጣ ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ቀርቷል። ሦስት ጊዜ የቀረ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ከዝርዝሩ ይወጣል።

የመልእክቱ ጽሑፍ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ሲመጣ እንዳርመው ለእኔ ተላከ። በደንብ አረምኩት። የተሳሳቱ ፊደላት ነበሩበት፣ አስተካከልኩ። ደረቅ ሆኖ ስላገኘሁትም ከስሙ በፊት «የተከበሩ» የሚል ጨመርኩ። ዶክተር ኢንግሪድ አመሰገነችኝ።

ለአቶ ንጉሤ የደረሳቸው ቀን 12 ነበር።

የመጋቢት ሚካኤል ዕለት ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ታብሌቱን ነካሁት፤ ስማቸው በቀይ ወጣ።

«አቶ ንጉሤ፣ ቀጠሮዎ እኮ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆነው።»

«አላለፈም፤ ዛሬ ነው።»

«አልፏል ነው የሚለኝ።»

«ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ?» አሉ።

ቤተ ክርስቲያን ስለነበርኩ ነው የዘገየሁት የሚሉኝ መሰለኝ። ሰበብ መሰለኝ። «ሚካኤልማ ነው፤ እሱም ቢሆን ጤናዎን ይጠብቁ ነው የሚለው» አልኳቸው። ሰዎች ሳቁ። አቶ ንጉሤ አልሳቁም። ታብሌቱ የቀረ ሰው ሲሆን የጥናቱን ክኒን አውጪ አይለኝም፤ ከተራው መድኃኒት ቤት አሥር ፍሬ አግኝቼ ሰጠኋቸውና «ለሚቀጥለው መልእክት ይደርስዎታል» ብዬ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ አላስቆምኳቸውም። ስልኩ ያስታውሳቸዋል ብዬ ያንን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

በሚያዝያም በ12 መጡ። እንደገና ቀይ። በዚህ ጊዜ ተቆጣሁ። «እንዲህ እየቀሩ ለራስዎም ለእኛም አይሆንም» አልኳቸው፣ በሰው ፊት።

«ሲስተር» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ በተባልኩበት ቀን ቀርቼ አላውቅም።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር። እኔ ደግሞ ግትርነት ነው አልኩት። ተራው መድኃኒት ቤት ውስጥ የእሳቸው ክኒን አልነበረም። ከውጭ እንዲገዙ ጻፍኩላቸው። ይግዙት አይግዙት አልጠየቅሁም።

በግንቦት በመጡበት ቀን እኔ አልነበርኩም። መሪ ላይ አዲስ ለገቡት ጤና ጣቢያዎች ሥልጠና እየሰጠሁ ነበር። በሽተኛን እንዴት ከክትትል እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል በሚለው ላይ። ካርድ ክፍል ያለው ሰው «ስምዎ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ብሎ መለሳቸው። ስመለስ ታብሌቱ ላይ አየሁት፤ ንጉሤ፣ ከክትትል የጠፋ። አለፍኩት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ጌጤነሽ ብቻቸውን መጡ። ጃንጥላ አልያዙም፤ ነጠላቸው በስብሷል።

«ሲስተር፣ ንጉሤን ጣለው» አሉኝ። «ሆስፒታል ሰንብተን ወጣን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። አፉም ተያዘ። መጥተሽ እዪልኝ።»

በዚያው ቀን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል፤ እኔ በየሃያ እርምጃው እየቆምኩ፣ እሳቸው እየጠበቁኝ። አቶ ንጉሤ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ አንድ ነገር ሊሉ ሞከሩ። «እ... እ...» ብቻ ሆነ። ያ ተከራካሪ ሰው።

«ለምን ቀሩ?» አልኩ፣ ለባለቤታቸው። በዚያች ጥያቄ እስካሁን አፍራለሁ፤ መጀመሪያ ከአፌ የወጣችው እሷ ናት።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ከትራሱ ሥር ስልኩን አውጥተው ሰጡኝ። አነበብኩ። «የተከበሩ አቶ ንጉሤ፣ ቀጠሮዎ በ12 ነው። መድኃኒትዎን ይዘው ይምጡ።»

«በ12 አላችሁት» አሉ። «በ12 ወረደ። ሦስት ጊዜ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ታብሌቱ 12 የሚለው የፈረንጁን ነው። በፈረንጅ ማርች 12 ማለት እኛ ዘንድ መጋቢት 3 ነው። መልእክቱ ላይ ወር የለበትም። እንጦጦ ላይ ያለ ሰው በ12 ሲሉት ከሚካኤል ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ሰውየው ዛሬ ሚካኤል ነው ሲሉኝ ሰበብ እየሰጡኝ አልነበረም፤ ስህተቱን ነበር እየነገሩኝ። ጽሑፉን ፊደል በፊደል ያረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «የተከበሩ» ጨምሬበት፣ ቁጥሩን አላየሁትም።

በማግሥቱ ሌሎቹን ቀሩ የተባሉትን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ብዙዎቹ ስምንት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን እየዘገዩ የመጡ ነበሩ። ለዶክተር ሳምሶን ደወልኩ። በሁለተኛው ቀን ዶክተር ኢንግሪድ በኮምፒውተር መስኮት ከአገሯ ሆና፣ እኛ ከዚህ ሆነን ተሰበሰብን።

ነገርኳቸው። ዶክተር ኢንግሪድ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «እንዴት ነው አንድም ሰው ያልነገረን?» አለች።

«ነግረውኛል» አልኩ። «ዛሬ ሚካኤል ነው አሉኝ።»

አልገባትም። ዶክተር ሳምሶን በእንግሊዝኛ ረጅም ጊዜ ወስዶ አስረዳት።

ክርክሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። ዶክተር ኢንግሪድ «እኚህ ሰው በእኛ ክትትል ሥር እያሉ ነው የወደቁት፤ የጥናቱ ቁጥር ውስጥ ይግቡ፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይነገር» አለች። ዶክተር ሳምሶን መነገሩን አልተቃወመም። «ቁጥሩን ግን» አለ፣ «ሕጉን አስቀድመን ጽፈናል። ሦስት የቀረ ይወጣል ብለናል። ደስ ባላለን ቁጥር ሕጉን ከቀየርን ማን ያምነናል? ካልታመንን ደግሞ ይህ ነገር ሌላ ቦታ አይደርስም። ነገ ስንት ንጉሤ ያለ ክኒን ይወድቃል?»

«ሰውየው ቀሩ የተባሉት እኮ በእኛ የቀን ስህተት ነው» አለች።

እሷ ስትናገር እሷ ልክ ናት እላለሁ። እሱ ሲናገር እሱ ልክ ነው እላለሁ። መጨረሻ ላይ «ሲስተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲለኝ «ሰውየው በቀጠሯቸው ቀን መጥተዋል፤ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው» አልኩ። ኮሚቴው ይቆጠሩ አለ፤ ተቆጠሩ። መልእክቱ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከነወሩ ስም ገባ። የእጅ ካርዱ ይመለስልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ለእኛ ጤና ጣቢያ ብቻ ተፈቀደልኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ በትልቅ አዳራሽ ቀረበ። ግድግዳው ላይ አንድ ቀይ መስመር ከላይ ጀምሮ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። አቶ ንጉሤ ተቆጥረውም መስመሩ ወርዷል። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከዚያ መስመር ጀርባ ያሉትን ብዙዎቹን በስም ስለማውቅ። በየወሩ ራሷን እየሳተች ትመጣ የነበረች ጉሊት ቸርቻሪ ዛሬ የልጅ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሽቅብ ትወጣለች። ውሸት አይደለም። የአቶ ንጉሤም ቀኝ እጅ ውሸት አይደለም። በታተመው የጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስለዚያ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ በዘመን አቆጣጠር ልዩነት ምክንያት አንዳንድ መልእክቶች ትክክለኛ ግንዛቤ ሳያገኙ ቀርተዋል ይላል። ማን እንዳልተረዳ አይናገርም። ከጻፉት ሰዎች መካከል የእኔን ስም ፈልጌ አጣሁት፤ ኋላ ልጄ «ይኸውልሽ» ብላ አሳየችኝ። «በየነ አ.» ይላል። ጥናቱን የሠራው አባቴ ሆኖ ተገኘ። ነፍሱን ይማረውና ግፊቱን አንድ ቀን ሳይለካ የሞተ ሰው ነው።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ታብሌቶቹ ተሰብስበው ሄዱ። ክኒኑ ለጥቂት ወራት ቆየ፤ ከዚያ አንዳንድ ጊዜ አለ፣ አንዳንድ ጊዜ የለም ወደሚባለው ተመለሰ። ጽሑፉ «ይስፋፋ» ብሎ ነው የሚያልቀው። ማን እንደሚያስፋፋው ብዙ ጊዜ አስቤ አላወቅሁም።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ አቶ ንጉሤን ለማየት እወጣለሁ። ግፊታቸውን እለካለሁ፤ እጃቸውን አፍታታለሁ። አንድ ሐሙስ ወኔ አገኘሁና ነገርኳቸው። «ያን ቀን ልክ ነበሩ። ስህተቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ግራ እጃቸውን አነሱ። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ። «ይቅር...» አሉ፤ ከዚያ አንድ ነገር ሊጨምሩ ፈልገው አቃታቸው።

«ይቅር ብሎሻል» አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ።

እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ይቅር ሊሉኝ ይሆናል። «ይቅርብሽ፤ አትምጪ» ሊሉኝም ይሆናል። ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። መምጣቴን ግን አልተውኩም፤ ስመጣ ክንዳቸውን ራሳቸው ይሰጡኛል፤ እሱም ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ለክቼ ዕቃዬን ስሰበስብ ወይዘሮ ጌጤነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ያ ጥናት መጨረሻው ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ይሠራል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለኛ ምነው?» አሉ። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸው ማጅራታቸው ላይ ነው።

«ያምዎታል?»

«ጠዋት ጠዋት ነው። የሸክም ነው።»

«እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ።»

«እኔ ምን ሆኜ? ታማሚው እሱ ነው።»

አስገደድኳቸው። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኳቸው፣ እግራቸውን አስወረድኳቸው፣ አምስት ደቂቃ ዝም ተባባልን። ለካሁ። እንደገና ለካሁ። 192 በ108። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አላወጣሁትም። ያን ሁሉ ዓመት በየወሩ ከባላቸው ጋር ሲወርዱ፣ እኔ ካለሁበት ወንበር ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው አግዳሚው ላይ ጋቢ ይዘው ተቀምጠዋል። ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበሩ አንድ ቀን ማንም «ክንድዎን ይስጡኝ» አላላቸውም። እኔም አላልኳቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤት ከአቶ ንጉሤ ጋር ቤት ቆይታልን፣ ሁለታችን ወደ ጤና ጣቢያው ወረድን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እኔን የሚያውቁኝ «ሲስተር፣ ይለፉ» አሉኝ፤ አላለፍኩም። ተራችን ሲደርስ ካርድ ክፍል ያለው ሰው ቀና ሳይል «የታካሚ ስም?» አለ።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ከልምድ «ንጉሤ...» ብለው ጀመሩ። ከዚያ አቆሙና እኔን አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጌጤነሽ ብለህ ጻፍ።»